ጣትን ስለ ማለማመድ

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም በላፕቶፕ ላይ ከኪቦርዱ ግርጌ የሚገኘው፥ ታችፓድ የሚባለው ለስላሳ ሰሌዳ ነው። ከመዳፍ ባይበልጥም ሦስት ሳምንት ሙሉ አድክሞናል።

ለብዙ ዓመት የሠራነው በማውስ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተራችን በተበላሸ ጊዜ ላፕቶፕ ገዛንና ማውስ ሳንጨምር ወደ ቤታችን ገባን። በመጀመሪያው ቀን ጣታችንን በሰሌዳው ላይ ብናሳርፍ ቀስቱ ከምንፈልገው ስፍራ አልፎ ከስክሪኑ ዳር ሄዶ ቆመ፤ ብንመልሰውም ወደ ሌላው ዳር ሸሸ። የሚታዘዘን መስሎን አጥብቀን ብንጫነው ይባስ ብሎ ተንቀጠቀጠ። በልጅነታችን ፊደል የቆጠርነው በስንደዶ እያመለከትን ነውና፥ ጣት ለዚህ ሥራ ወፍራም ቢመስለን በእስክሪብቶ ጫፍ ሞከርነው። ሰሌዳው ጭራሽ ዝም አለ። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጃችን ይህን አይታ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «አባባ፥ አይጫኑት፤ ዳሰስ ብቻ ያድርጉት» አለችን።

ልጅቱ እውነቷን ነው። ከሰሌዳው ሥር እንደ ወንፊት የተረበረቡ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መሥመሮች አሉ። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፥ ጣት በቀረበ ጊዜ በዚያ ስፍራ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ጥቂት ይለወጣል፤ መሣሪያውም በዚህ ለውጥ ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል። ቀስቱን የሚመራው ጕልበት አይደለም። የፕላስቲክ እስክሪብቶ ይህን ለውጥ አያመጣም፤ እርጥብ እጅ ደግሞ ሰሌዳውን ያሳስተዋል። ማውስን ዳግላስ ኤንግልባርት የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለጉባኤ አሳይተውታል፤ ታችፓድ በላፕቶፕ ላይ እየተለመደ የመጣው ግን የአፕል ኩባንያ በ1994 ፓወርቡክ 500 የተባለውን ካወጣ ወዲህ ነው። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ነው እኛ ዛሬ አዲስ ሆኖብን የምንታገለው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሳቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን የተማሪዎቻችንን ውጤት ዓይናችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ ስንመዘግብ፥ የአውራ ጣታችን ሥር ሰሌዳውን ነካ አደረገው። ሰሌዳው መነካቱን እንደ ክሊክ ቈጥሮ ወደ ላይኛው መሥመር ወሰደን፤ ለሌላ ተማሪ የነበረው 47 ቀድሞ በተጻፈ 81 ላይ ተጻፈ። ባዶ የቀረውን ስፍራ በኋላ ስናይ የዘነጋነው መስሎን 47 ሞላንበትና አለፍን።

ባለ 81ዱ ልጅ ዝምተኛ ነው፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። በሳምንቱ ወረቀቱንና ካርዱን ይዘው የመጡት እናቱ ናቸው። «መምህር፥ ፈተናው ላይ 81 ይላል፤ ካርዱ ላይ 47 ነው። የትኛውን ልመን?» አሉን። ለካ ሰንፈሃል ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ከኳስ ጨዋታ ተከልክሎ ኖሯል። የምንመልሰው ጠፋን። መሣሪያው ነው እንዳንል የጻፈው እጃችን ነው፤ ያላየውም ዓይናችን ነው። ካርዱን በዚያው ሰዓት አረምን፥ በማግሥቱም ልጁን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅን። አንገቱን ደፍቶ «ግድ የለም መምህር» አለ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

ማታ ልጃችን ከአጠገባችን ተቀምጣ ሴቲንግ የሚባለውን ከፈተችልን። የቀስቱን ፍጥነት ቀነሰች፤ መነካትን እንደ ክሊክ የሚቈጥረውንም አጠፋች፤ አሁን ሰሌዳው የሚታዘዘን ታችኛውን ጥግ ጫን ስንለው ብቻ ነው። በየማታው ሩብ ሰዓት ያህል አንዱን ፋይል ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እያጓጓዝን ጣታችንን አለማመድነው። በሁለት ጣት ጽሑፍ ማንሸራተቱን ወደነዋል፤ በጠረጴዛ ላይ ወረቀት እንደ መግፋት ነው። በሦስት ጣት የሚደረገውን ግን ለወጣቶች ትተነዋል።

ውጤት በምንመዘግብበት ቀን ማውስ እንሰካለን። መዝግበንም ስንጨርስ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከወረቀቱ ስምና ቁጥር ይጠራሉ፤ እኛም ከስክሪኑ እያየን እንመልሳለን።