ስለ እንቅርት መርፌ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ አንገቷ ያበጠ ሴት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንቅርት እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋራ የሚመጣ ሆኖ ይቈጠራልና፥ በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ ገበያ መውረድ እንጂ ሐኪም ይየው የሚል ሰው ጥቂት ነው። እኔም ከመሐል ሜዳ አጠገብ የተወለድሁ ስለ ሆንሁ የእናቴንና የአክስቴን አንገት እያየሁ አደግሁ። የራሴም አንገት ባበጠ ጊዜ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ወደ ሐኪም የሄድሁት ከእብጠቱ መካከል እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ጠንካራ ነገር በጣቴ በዳሰስሁ ጊዜ ነው።

ሐኪሙ በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር ብሎ ማዘዙን አክስቴ በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ እባክሽ ብረት አታስነኪው፤ ብረት የነካው ዕጢ ይቈጣል» አሉኝ። ይህ ቃል ባገራችን በየቤቱ የሚነገር ነው፤ በዚሁ ምክንያት ከሐኪም ቤት ደጅ የተመለሰውን ሰው ማን ይቈጥረዋል? ነገር ግን የአክስቴን አንገት ልብ ብዬ ባየሁት ጊዜ በእንቅርቱ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለበት። ይኸውም በልጅነታቸው እንቅርቱ እንዳያድግ ተብሎ በመርፌ እየተወጋ፥ ጥላሸት እየተቀባ የተነቀሰ ነው። እንግዲህ አንገታቸውን ለነቃሽ መርፌ መቶ ጊዜ የሰጡ እናቶቻችን የሐኪሙን መርፌ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢቀበሉ ምን ያስፈራቸዋል? ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም።

ለሚፈሩት ሰዎች ይረዳ ዘንድ የደረሰብኝን እንዳለ እነግራለሁ። በጀርባ ያስተኙና ከትከሻ ሥር ትራስ አድርገው አንገትን ወደ ኋላ ያዘነብሉታል፤ ቆዳውንም በአልኮል ይጠርጉታል። መርፌው ደም ከሚቀዳበት መርፌ የቀጠነ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ መሣሪያ እብጠቱን እያየ፥ «እናቴ፥ መርፌው ከውስጥ ሳለ ምራቅዎን አይዋጡ፥ አይናገሩም» አለኝ። ከመርፌው ይልቅ ያስቸገረኝ ይህ ትእዛዝ ነው፤ ሰው አትዋጥ በተባለ ጊዜ ምራቁ ይበዛልና። ሲገባ ጕንዳን የነከሰ ያህል ይሰማል፤ ከውስጥ ሲመላለስ ደግሞ አንገትን የመጫን ነገር አለው። ሦስት ጊዜ ገብቶ ወጣ፤ አንዱ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን ደግሞ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ጥጥ ይዤ ጥቂት ደቂቃ ተጫንሁና በእግሬ ወጣሁ። በማግሥቱ የበለዘ ምልክት ብቻ ቀረ።

የተቀዳው ነገር ከአንዲት ጠብታ አይበልጥም። እርሱም በቀጭን መስተዋት ላይ ተቀብቶ፥ ቀለም ገብቶለት፥ ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል። እንዲህ ካሉት እብጠቶች ከ100 ውስጥ 90 ወይም ከዚያ የሚበልጡት ነቀርሳ አይደሉም። መርፌው ያስፈለገበትም ምክንያት ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ለይቶ፥ ብዙዎቹን ከቢላዋ ለማዳን ነው። ደኅናውን ዕጢ ነቀርሳ ያደርገዋል የሚባለው ፍጹም ሐሰት ነው።

እኔን የጐዳኝ መርፌው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። በጣርማ በር ወርጄ፥ ደብረ ብርሃንን አልፌ፥ ውጤቱን ለመቀበል ሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄድሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት «ለሐኪምዎ ያሳዩ» ተብሎ በመስኮት ተሰጠኝ። ሐኪሙ ግን በዚያ ቀን አልነበረም፤ ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብም ስላልቀረኝ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ፊደል የቈጠረ ዘመዳችን ወረቀቱን አገላብጦ «ቤተስዳ ሁለት» የሚለውን ባነበበ ጊዜ፥ ነቀርሳው ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል ብሎ ተረጐመው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው! ቤቱ ለቅሶ ሆነ፤ እኔም በጎቼን ለልጆቼ ማካፈል ጀመርሁ።

ከሃያ ቀን በኋላ አንድ የጤና መኰንን ወረቀቱን አይቶ ሁለት ማለት ክፉ ነገር የለበትም ማለት እንደ ሆነ አስረዳኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተስዳ በአሜሪካ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሐኪሞች በዚያ ተሰብስበው የእንቅርት መርፌን ውጤት ከ1 እስከ 6 መደቡት። 1 የተቀዳው አልበቃምና ይደገም ማለት ነው፤ 2 ደኅና ነው፤ 3 እና 4 ገና ያልተቈረጠ ነገር ነው፤ 5 ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ ነው፤ 6 ነቀርሳ ነው። የከተማይቱም ስም የተወሰደው በሽተኞች የውሃውን መናወጥ ይጠባበቁባት ከነበረችው ከወንጌሏ ቤተ ሳይዳ መሆኑን ኋላ በሰማሁ ጊዜ፥ ስለ መጠበቁስ ስሙ ተገቢ ነው አልሁ።

ከወረቀቱ ግርጌ «ነቀርሳ አልተገኘበትም» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ቢጻፍበት ኖሮ ያ ሃያ ቀን አይኖርም ነበር። ይህ ወጪ የማያስወጣ ሥራ ነውና ሊዘገይ አይገባውም። ሁለተኛውም ነገር አስቸጋሪ አይደለም። በእጅ የሚዳሰሰውን እብጠት በመርፌ መቅዳት የሠለጠነ ሐኪም በመሐል ሜዳም በዓለም ከተማም ሊሠራው የሚቻለው ነው። የሚቸግረው መስተዋቱን የሚያነብ ሰው ነው። መስተዋቱ ግን በአየር ደርቆ ወይም በአልኮል ተጠብቆ በሣጥን ሊጓዝ ይችላል፤ አይደክምም፥ አይራብም፥ ማደሪያም አይከራይም። ታዲያ በሽተኛው ስለ ምን ይጓዛል?

ስለ ጨው የሚነሣም አለ፤ እውነቱን ነው። በደጋው ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ ስለሚያጥበው ገብሳችን አይይዘውም። ስዊስ በ1922 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀምራ ይህን በሽታ አሸንፋለች፤ በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጥቷል። ጨውን ከድኖ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይበጃል። ነገር ግን ጨው የሚጠብቀው የነገዎቹን ልጆች ነው እንጂ በአክስቴ አንገት ላይ የኖረውን አሮጌ እንቅርት አያጠፋውም።

እርሳቸውም የመስተዋቱን ነገር ባጫወትኋቸው ጊዜ፥ «እኔ ከቤቴ ሳልወጣ አንገቴ አዲስ አበባ ይሄዳል ማለትሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን ብላቸው ጥቂት አሰቡና፥ «እንዲያስ ከሆነ ይሂድ» አሉ።