የቡሬ መንገድና የአዲስ አበባ ፊርማ፦ ወታደራዊ ስምምነትና የሕዝብ አስተያየት

በወዳጅ አገሮች መካከል የሚደረግ ወታደራዊ ስምምነት ዘወትር የሚመዘነው ባስገኘው መሣሪያ፣ ሥልጠናና ገንዘብ ነው። ስምምነቱ በስሙ የሚፈረምለት ሕዝብ ግዴታዎቹን ዐውቆ መምከሩ ግን እንደ ትርፍ ጉዳይ ይቆጠራል። ከምዕራብ ጎጃም የሚጀምረው ታሪክ ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን ያመለክታል።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ወደ ቡሬ ሲቃረብ፣ በቁጥር ከኢጣሊያ ጦር እጅግ ያንስ ነበር። ከሱዳን ስንቅ የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ይህ አነስተኛ ኃይል ሊራመድ የቻለው እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሉ አርበኞች የጎጃምን ገጠር ለዓመታት ይዘው ስለ ቆዩ ነው። ጠላት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተዋጋ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያን ጊዜ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመ ውል አልነበረም። ከቡሬ እስከ ደምበጫ የሚኖረው ሰው ግን ወዳጁን በዐይኑ አይቶ፣ በሥራው መመዘን ይችል ነበር።

ውሉ የመጣው ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ብሪታንያ የገንዘብ ድጎማና የጦር አሠልጣኞችን ለመስጠት ተስማማች። በአንጻሩ ኦጋዴን በወታደራዊ አስተዳደሯ ሥር ቆየ፤ የብሪታንያ መልእክተኛም ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ አገኘ። ቅድሚያው የተሻረው በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። በጎጃም ገጠር አብሮ የተዋጋው ሕዝብ በእነዚህ አንቀጾች ላይ የሚመክርበት መድረክ አልነበረውም።

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረሙት ስምምነቶችም በዚሁ መንገድ አለፉ። ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች፤ አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያን ለ25 ዓመት የመጠቀም መብት አገኘች። በኋላ የተማሪዎች ንቅናቄ ጣቢያውን የባዕድ ተጽዕኖ ምልክት አድርጎ ሲቃወመው፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን በይፋ ያስረዳ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ ሲያዝም ሕዝቡን አላማከረም። ያለ ሕዝብ ምክር የታሰረው ያለ ሕዝብ ምክር ተፈታ።

የመከላከያ ጉዳይ ምስጢር ይሻል የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው። የጦር ዕቅድ፣ የመሣሪያ ዓይነትና የሠራዊት ሥፍራ ለአደባባይ አይቀርቡም። ይሁንና የስምምነቱ ዘመን፣ የውጭ ወታደሮች ሕጋዊ አቋም፣ የአገር መሬት አጠቃቀምና የማፍረሻው ሥርዓት ምስጢር ሊሆኑ አይገባም። እነዚህ አገርን የሚያስሩ ግዴታዎች ናቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ማጽደቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ሁለቱ ተጣምረው ሊነበቡ ይገባል። ማንኛውም ወታደራዊ ስምምነት ከመጽደቁ በፊት ግዴታዎቹ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች፣ በሬዲዮና በወረዳ መድረክ ሊብራሩ ይገባል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ልጁን ለሠራዊት ሲሰጥ፣ ያ ሠራዊት በማን ስም፣ ለማን ግዴታ እንደሚቆም የማወቅ መብት አለው። ስምምነት በፊርማ ይጀመራል፤ በክፉ ቀን የሚያጸናው ግን ዐውቆ የተቀበለው ሕዝብ ነው።