አሥራ አራት ሠራተኛ በአንድ ኪስ

የዚህ ሳምንት ጠያቂያችን የጻፈልን ከዱቦ ነው። ዱቦን ለማታውቁ፦ ወላይታ ውስጥ፣ ከአረካ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ብዙ ሰው በካቶሊክ ሚሲዮኑና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሉ የሚያውቀው ቦታ ነው። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። መብራት ይዘረጋል፣ ሶኬት ይቀይራል፣ እሱ ሲጠፋ ደግሞ የሰው ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዐረብ አገር የምትሠራ ታላቅ እህት አለችኝ። ለሥራዬ መሣሪያ እንድትልክልኝ ጠይቄያት ነበር። በቅርቡ በሰው የላከችልኝ ግን የሚታጠፍ ፒንሳ ነው። እጀታው ውስጥ ሰንጢ አለ፣ መጋዝ አለ፣ ሞረድ፣ ካቻቢቴ፣ መቀስ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ... ብቆጥር አሥራ አራት ሆነ። ጓደኞቼ ‹ከእንግዲህ የመሣሪያ ሣጥን ምን ይሠራልሃል? ሽጠውና እቁብህን ክፈል› ይሉኛል። ሶዶ ያለ አንድ ነጋዴ ደግሞ ስጦታውን ራሱን በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ ብሎኛል። እህቴ ለፍታ የገዛችውን ብሸጥ ቅር ይላታል ብዬ ፈራሁ። ሣጥኑን ልሽጥ ወይስ ስጦታውን? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሣጥኑን እንዳትሸጥ! ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀሪውን ሳታነብ ጋዜጣውን ብታጥፈው እንኳ ይቺን ይዘህ እንድትሄድ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። በላክልኝ ፎቶግራፍ ላይ እንደማየው ፒንሳው ብረት ነው፤ እጀታውም ዕርቃኑን የቀረ ብረት ነው። በአገራችን ቤቶች ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ደግሞ 220 ቮልት ነው። መብራት ያለበትን ሽቦ በዚህ ፒንሳ ብትነካ፣ አሥራ አራቱም «ሠራተኞች» ተባብረው ኤሌክትሪኩን ወደ መዳፍህ ያደርሱልሃል። እጀታውን በፕላስቲክ ቴፕ እጠቀልለዋለሁ ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። ቴፕ ይላላል፣ ይቀደዳል፣ ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል። የጠቀለልከው ዕለት ሳይሆን የረሳኸው ዕለት ነው የሚጎዳህ።

አሁን ስለ ዕቃው እናውራ። እኔም የዚህን ዘመድ በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ስለሆንኩ በጥላቻ አይደለም የምናገረው። ግን ለማን እንደተሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። የስዊሶቹን ቀይ ሰንጢ ታውቀው ይሆናል። እሱ የመጣው ከወታደር ቤት ነው፤ ወታደሩ የታሸገ ምግቡን እንዲከፍትበት፣ ጠመንጃውንም እንዲፈታበት። ካርል ኤልዝነር የተባለው ቢላ ሠሪ የመኮንኖች የሚባለውን ዓይነት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ እኛ ዐድዋ ላይ ባሸነፍን በዓመቱ ማለት ነው። በእጀታው ፒንሳ የሚታጠፈውን ዓይነት ደግሞ ያስፋፋው ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር አሮጌ ፊያት እየነዳ አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ አስቸገረችው። በኪሱ የስካውት ሰንጢ ነበረ፤ የቸገረው ግን ፒንሳ ነው። አገሩ ገብቶ ሲሠራ፣ ሲያፈርስ፣ ገዢ ሲያፈላልግ ኖሮ ገበያ ላይ ያዋለው በ1983 ነው። ስምንት ዓመት! (የእኛ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ዘመድ ሰብስቦ «ልጁን አንድ ነገር አግኝቶታል» ይባልለት ነበር።)

ልብ አድርግ፤ አንደኛው ዘማች ነው፣ ሌላው መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ። ሁለቱም አጠገባቸው ሣጥን የላቸውም። ዕቃው የታሰበው ሣጥኑ ሩቅ ለሆነበት ሰው ነው እንጂ ሣጥኑን ለሚተካ ሰው አይደለም።

ለዚያ ለዚያማ ተወዳዳሪ የለውም። ከአረካ ወደ ሶዶ ስትሄድ የሞተሩ ፍሪሲዮን ካቦ ቢላላ፣ መስተዋቱ ቢወዛወዝ፣ ሽቦ ቆርጠህ የተንጠለጠለ ነገር ማሰር ቢያስፈልግህ፣ እግርህን እሾህ ቢወጋህ፣ ኪስህ ገብተህ ትገላገላለህ። ጋራዥ ውስጥ ግን ጉዱ ይወጣል። ብሎኑን በካቻቢቴ ልታዞር ፈለግህ እንበል፤ ዳዶውን ከጀርባ በፒንሳ መያዝ አለብህ። ካቻቢቴው ያለው የት ነው? ፒንሳው እጀታ ውስጥ! አሥራ አራት ሠራተኛ ቀጥረህ በአንድ ጊዜ የሚሠራልህ አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ካቻቢቴው ደግሞ አጭር ነው፤ ጠለቅ ያለ ቪቴ ጋ ሳይደርስ ወፍራሙ እጀታ ግድግዳውን ይገፋል። በፒንሳው ብሎን ልፍታ ብትል የብሎኑ ማዕዘን እየተበላ ይከብና በኋላ በትክክለኛው ቁልፍም አይፈታም። የደንበኛህን ሞተር እንዲህ አድርገህ ከመለስክ ሁለተኛ አይመጣም።

ለቁርጥም አይሆንህም! ሶዶ ላይ፣ ዳጣ ቀርቦ፣ ሥጋ ተዘርግቶ፣ ከኪስህ ሰንጢ ስታወጣ ከታየህ ሳቁ አረካ ይሰማል። ቀልዱን ትቼ፣ የሞተር ግራሶ የገባበት ማጠፊያ ምግብ አጠገብ መድረስ የለበትም።

ይህን ዓይነት ዕቃ ልትገዙ ላሰባችሁ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ገበያው በፎርጅድ ተሞልቷልና። ፒንሳውን ግጠሙና ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጫፉ ላይ ክፍተት ከታየ ቀጭን ሽቦ አይዝላችሁም። ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፣ ማጠፊያው ላይ ከተንቀጫቀጨ ተዉት። ዋናው ግን የሰንጢው መቆለፊያ ነው። ሰንጢውን ዘርግታችሁ፣ ጣታችሁን ከሚታጠፍበት መንገድ አርቃችሁ፣ ጀርባውን እንጨት ላይ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከታጠፈ፣ አንድ ቀን ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። አንዳንዱ ሰንጢውን ለማውጣት መጀመሪያ ፒንሳውን መዘርጋት ይጠይቃል፤ ዱቦ የተላከውም እንደዚያው ነው። ሌዘርማን ራሱ ዌቭ ያለውን፣ ሰንጢው ከውጭ በአንድ እጅ የሚከፈተውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እሱ ግን ሩብ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቀበቶ የሌለው ሱሪ አይችለውም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ እጃችሁ ላይ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ አለዚያ ፍተሻው ላይ ተሰናበቱት ማለት ነው።

ወደ እህትህ ልመለስ። ስጦታ መሸጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ሣጥንህ ውስጥ አሉ ያልካቸው መዶሻ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ጥቂት ቁልፎችና «እጀታው የተላጠ» ፒንሳ ናቸው። ቴስተር የሚል ቃል አላየሁም። ታዲያ እስከ ዛሬ ሽቦው መብራት እንዳለው በምን ነበር የምታውቀው? እህትህ ላቧን ያፈሰሰችው አንተ እንድትኖር ነው። ቴስተርና ደህና ፒንሳ በሌላ መንገድ ማግኘት ከቻልክ ስጦታውን ኪስህ ውስጥ አኑረው፣ ለመንገድ ይሁንህ። ካልቻልክ ሽጠው። ግን ከነጋዴው በፊት ለእሷ ደውል። አንተ «መሣሪያ» አልካት፤ እሷም ሱቅ ገብታ መሣሪያ ገዛች፤ ምን አጠፋች? አሁን በስሙ ንገራት፦ ቴስተር፣ ለመብራት ሥራ የተሠራ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ እጀታቸው ላይ «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍና የተደራረቡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ያሉባቸው። ፕላስቲክ የለበሰ ሁሉ መብራት አይከላከልም፤ ያንን ምልክት ይፈልጉ። ምልክቱንም ቢሆን አስመስለው የሚያትሙ ስላሉ፣ ከታወቀ ሱቅ ይሁን።

እስከዚያው ግን ሥራ ቢመጣ ቆጣሪው ጋ ሄደህ ብሬከሩን አጥፋ፤ የቤቱ ልጆችም እንዳያበሩት አንድ ሰው እዚያው አቁም። የተላጠውን ፒንሳ ደግሞ ለአጥር ሽቦ አድርገው።