ልጆች ማመልከቻ መጻፍ ይልመዱ



እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለተቀመጡ ጸሐፊዎች ከፍለው ያስጻፉት ማመልከቻ በየጊዜው ይደርሰኛል። የጸሐፊዎቹን እንጀራ አልቃወምም፤ ላልተማረው ባለጉዳይ ባለውለታዎቹ ናቸው። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን የተማረ ልጅ የራሱን ጉዳይ በሌላ ሰው እጅ ማስጻፉ ያሳዝናል።

በትምህርት ቤት የደብዳቤ ቅርጽ አይነገርም አልልም። ቀኑ በስተቀኝ፤ «ጉዳዩ» ከመካከል፤ «ከሰላምታ ጋር» ከግርጌ መሆኑን ልጄም በደብተሩ ገልብጦታል። የጎደለው ጥያቄው ነው። ደፍሮ በራሱ እጅ የሚጽፈውም ቢሆን የቤተሰቡን ችግር ከሥር ከመሠረቱ ሲተርክ ወረቀቱ ያልቅና ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ሳይገልጽ ይፈርማል። የቀድሞውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ካልጠቀሰማ ፋይሉን ፈልጎ ማግኘት ለእኛም መከራ ነው፤ እርሱም «ነገ ተመለስ» ይባላል።

ስለዚህ መምህራን ለልምምድ ብቻ ሳይሆን በእውነት የሚላክ ደብዳቤ ቢያስጽፏቸው መልካም ይመስለኛል። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውኃ ሲያጣ ተማሪው ለርእሰ መምህሩ ይጻፍ፤ የሚለምነውንም በመጀመሪያው መሥመር ይናገር። ርእሰ መምህሩም ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይመልሱለት። መልሱን ግን አደራ! ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ. ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ማጣቱ ከመቅደላው ጦርነት መነሻዎች አንዱ እንደ ነበረ አንባቢ አይዘነጋውም።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ