ፊደል ያለ ተራው ቃል አይሆንም

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኬሚስትሪ ብዕር ማንሣታችን አንዳንድ የሳይንስ ጓደኞቻችንን ሳያስቃቸው አይቀርም። «እናንተ ቅኔያችሁን ዝረፉ እንጂ ስለ ሞለኪውል ምን አገባችሁ?» እንደሚሉን እናውቃለን። ዳሩ ግን ዛሬ ኬሚስቶችን ከሚያደክሙት ጥያቄዎች አንዱ የገዛ ራሳችን ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው ዝም ማለቱን አልወደድንም።

ለበሰ፣ በሰለ፣ ሰለበ። ሦስቱም ቃላት የተጻፉት በእነዚያው በሦስት ፊደላት ነው። አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። ሆኖም አንዱ የልብስ ነገር፣ አንዱ የወጥ ነገር ነው፤ ሦስተኛውን ባናነሣው ይሻላል።

ፖሊመር ማለት ሞኖመር የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታሉም፣ የናይለኑ ክርም፣ የመኪናው ጎማም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ይህን አሳብ በ1920 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባቀረበ ጊዜ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ በ1953 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ሞኖመር ሲቀላቅል ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ ጥቁር ዶቃ እንደ ገባ ያውቃል። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደ ተቀመጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዕድል የተተወ ነው።

ተፈጥሮ እንዲህ አትሠራም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር የኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ እንዳላቸው በ1955 አስረዳ። በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ውስጥ ካሉት 146 አሚኖ አሲዶች መካከል 6ኛው ብቻ ተለውጦ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ቢገባ፣ ይህንንም ሰው ከእናቱም ከአባቱም ቢወርስ፣ ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ዕድሜ ልኩን ያሠቃየዋል። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ታደርጋለች።

«ይህስ የሕይወት ነገር ነው፤ ለሰው ሠራሹ ምን ይፈይዳል?» የሚል ቢኖር የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዋን የታራ ሜየርን ሥራ እንጠቅስለታለን። ሐኪሞች ቁስል የሚሰፉበትና በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋው ክር ከላክቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ ይሠራል። ሜየርና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት ይዘታቸው አንድ፣ ተራቸው ግን ልዩ ልዩ የሆነ ሰንሰለቶች ሠርተው በውኃ ፈተኗቸው። ተራው የተጠበቀው በመጠን፣ ቀስ በቀስ ተሰባበረ፤ በዕድል የተያያዘው ግን ገና ከጅምሩ በፍጥነት ተበጣጠሰ። ቁስሉ ሳይድን ክሩ ቢፈታ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ነገር በዚህ መንገድ አይሠራም? ድካሙ ስለሚከብድ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ሜሪፊልድ በ1963 ባሳየው ዘዴ የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ከደረቅ ፍሬ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ አንድ ይጨመራል፣ ይታጠባል፣ ደግሞ አንድ ይጨመራል። በመጀመሪያ ያያያዘው አራት ብቻ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ከመቶ 99 ቢሳካ እንኳ ከ100 እርምጃ በኋላ እንከን የሌለው ሰንሰለት ከመቶ 37 ያህል ብቻ ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ይህን ስሌት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ለባልዲና ለፌስታል ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቅ ሞኝ ነው። ነገር ግን የሳይንስን ዋጋ በቶን ብቻ የሚመዝን ሰው ከዚያ ሞኝ አይሻልም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ለመድኃኒት፣ ለቁስል ክርና ጊዜው ሲደርስ ሊፈርስ ለሚገባው ፕላስቲክ ግን ማበር ብቻውን አይበቃም። ማን ከማን ቀጥሎ ቆመ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ደግሞ የእኛም ሙያ ነው። በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ዣን ፍራንሷ ሉትስና ባልደረቦቹ አንዱን ሞኖመር 0፣ ሌላውን 1 ብለው በሰንሰለት ላይ መልእክት ጽፈዋል፤ በመሣሪያም መልሰው አንብበውታል። ጽሕፈት እዚያ ከደረሰ የጽሕፈት ተማሪዎች ከደጅ የምንቀርበት ምክንያት አይታየንም። የሳይንስ ጓደኞቻችንም ሥራቸውን እናቶቻችን በሚሰሙት አማርኛ ሊያስረዱ ይገባቸዋል፤ ቃል ያጠራቸው እንደ ሆነ እኛ አለን። ተሳስታችኋል የሚሉን ካሉም በሚቀጥለው እትም ይመልሱልን።