ቀለበቱን አየን፤ ከሰሉንስ?

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ ቤተ ሰማዕቲ አንድ ዜና ጽፌ ነበር። መግቢያዬ የወርቅ ቀለበቱ ነው። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ድንጋይ ያለው፣ የሮማውያንን አሠራር የሚመስል ቀለበት! ማን ያልፈዋል? መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ጠርዙ ላይ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር ታወቀ?» ብለው ጽፈውበታል። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን እውነታቸውን ነው።

ለማታውቁት፣ ቤተ ሰማዕቲ ትግራይ ውስጥ ከየሐ በስተሰሜን ምሥራቅ 6.5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነው። የአካባቢው ሰው ጉብታው ተራ ጉብታ እንዳልሆነ ድሮም ያውቅ ነበር። በማይክል ሃሮወር የሚመራው ቡድን ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ቆፍሮ ውጤቱን በ2019 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ትልቁ ወሬ ዕድሜው ነው። ቀደም ሲል አክሱም ስትገን የየሐ አካባቢ ተትቶ እንደነበር ይታሰብ ነበር። የራዲዮካርቦን ልኬቱ ግን ከተማው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ750 ገደማ ጀምሮ ከልደት በኋላ እስከ 650 ገደማ ሰው እንደኖረበት አሳየ። 1400 ዓመት! ምን ማለት መሰላችሁ፤ ከአክሱም ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ነጋዴ ያለፈው በባዶ ምድር አይደለም፤ ከመንግሥቱ በፊት የነበረ፣ ጎተራውንም ገበያውንም የሚያውቅ ሕዝብ መሃል ነው። ከዓቀባ ወደብ የመጣው የሸክላ ጋን ስብርባሪ እዚያ መገኘቱም ከዚህ ጋር ሲታይ ነው ትርጉም የሚሰጠኝ።

ይህን ዕድሜ የነገረን ደግሞ ቀለበቱ አይደለም። ወርቅ በካርቦን አይለካም። የሚለካው በሕይወት የነበረ ነገር ነው፦ ከሰል፣ አጥንት፣ የተቃጠለ ዘር። ዘር ይመረጣል፤ ምክንያቱም የአንድ ክረምት ፍሬ ነው። እንጨት ግን ያታልላል፤ ዛፉ ራሱ መቶ ዓመት ቆሞ ሊሆን ይችላል።

እኛ ጋዜጠኞች (ገና ተማሪ ብሆንም «እኛ» ልበል) አኃዝ ስናይ «የ3 ሺህ ዓመት ታሪክ» ብለን እንጠቀልለዋለን። ሲጠቀለል ግን ግኝቱ ራሱ ይጠፋል። ከተማው ተትቶ ነበር ወይስ አልተተወም የሚለው ጥያቄ ያለው እኮ በዓመታቱ መሃል ነው! አንድ ጓደኛዬ «አንባቢ ቁጥር አይወድም፣ ወርቅ ነው የሚወደው» ይለኛል። እኔ ደግሞ አንባቢን እንዲህ ያስለመድነው እኛው ነን ባይ ነኝ።

ዜናውን እንደገና ጽፌዋለሁ። መግቢያው ላይ ከሰል አለ። ቀለበቱ አራተኛ አንቀጽ ላይ ነው።