መሠረቱን ሳያገኝ የገነባ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥10–15፤ 2ኛ ነገሥት 22



ዛሬ የምንሞግተው ሌሎችን ሳይሆን ራሳችንን ነው። በእኛ በወንጌል አማኞች መካከል የተለመደች አንዲት አባባል አለች። የላሊበላ ነገር ሲነሣ፣ በተለይ በገና ሰሞን ነጭ የለበሰው ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አንዳችን “ምን ያደርጋል፣ ድንጋይ ነው!” እንላለን። የቀረነው እንስቃለን፤ “አሜን” የሚልም አይጠፋም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በቤት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ይህችው አባባል ተነገረች። በዚያ ምሽት ከላስታ የመጣ አንድ ወጣት አብሮን ነበር። መምጣቱ ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ የዮሐንስን ወንጌል እያነበበ ብዙ ይጠይቅ ነበር። ሳቁ ሲያበቃ ቀስ ብሎ፣ “አያቴ ለገና በባዶ እግሯ ሁለት ቀን ተጉዛ ትሄድ ነበር። የኢየሱስን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው” አለ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። እኛ ወንጌል የነገርነው መስሎን ነበር፤ እሱ የሰማው ግን በአያቱ ላይ ስንስቅ ነው።

ስለዚህ ዝም አንልም። ይህ ንቀት መንፈሳዊ ብስለት አይደለም። አለማወቅ ነው፤ ከዚያም አልፎ ትዕቢት ነው። ለምን እንደዚያ እንደምንል ለማሳየት ከላስታ ራቅ ብለን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ደጋግሞ ከሚያነሣት ከባቢሎን እንጀምር።

ስም የታተመበት ጡብ

በባቢሎን አገር ቤተ መቅደስ የሚሠራው በጭቃ ጡብ ነበር። ጡብ በዝናብና በጊዜ ብዛት ይፈርሳል። ቀጣዩ ንጉሥ ፍርስራሹን ደልድሎ በላዩ ሌላ ይሠራል፤ የእሱም በተራው ይፈርሳል። እንዲህ እየተደራረበ ስፍራው ኮረብታ ይሆናል። ነገሥታቱ ታዲያ ጡቡ ላይ ስማቸውን ያትሙ ነበር። የናቡከደነፆር ስም የታተመባቸው ጡቦች ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ። በዳንኤል ምዕራፍ 4 በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ እየተመላለሰ በሠራት ከተማ የታበየው ይኸው ሰው ነው። ልማዱ በእኛም ዘመን አልቀረም፤ ሳዳም ሁሴን በ1980ዎቹ ባቢሎንን አድሳለሁ ብሎ የራሱን ስም የያዙ ጡቦች በጥንቱ ግንብ ላይ አስደርድሯል።

ከናቡከደነፆር በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ556 እስከ 539 የነገሠው ናቦኒደስ በሲፓር ከተማ የነበረውን የሻማሽን፣ ማለትም የፀሐይ አምላክ የተባለውን ቤተ መቅደስ እንዴት እንዳደሰ በሸክላ ላይ አስጽፎ ነበር። ጽሑፉ ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ ይነበባል። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ናቡከደነፆር የጥንቱን መሠረት ፈልጎ አላገኘም፤ ሳያገኝም ሠራ። 45 ዓመት ሳይሻገር ግድግዳው ጎበጠ። ናቦኒደስ ግን ሕንፃውን አፍርሶ፣ ምድሩን 18 ክንድ ወደ ታች አስቆፍሮ፣ የቀድሞው ንጉሥ የናራም-ሲን መሠረት ጋ ደረሰ። እንደ እሱ አቆጣጠር ያን መሠረት 3200 ዓመት ሙሉ ያየው ንጉሥ አልነበረም፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመኑን ወደ 1700 ዓመት ግድም ያወርዱታል። ከዚያም አዲሱን ጡብ በጥንቱ መሠረት ላይ፣ በጣት ስፋት እንኳ ሳያዛንፍ እንዳኖረ ይናገራል።

ይህ ሰው ጣዖት አምላኪ ነበር፤ እምነትን ከእሱ አንማርም። ግንበኝነትን ግን ልንማር እንችላለን። መሠረቱን ሳያገኝ ቸኩሎ የሠራው ኃያሉ ናቡከደነፆር ነው፤ ሥራውም የቆየው 45 ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ካሉት አጥቢያዎቻችን 45 ዓመት ሳይከፈሉ የቆዩት ስንት ናቸው? ለራሳችን እንመልሰው።

በላስታ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። በላሊበላ የሚጨመር ጡብ የለም። አለቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተፈለፈለ ቤት ይሆናል። የባቢሎን ግንበኛ በቀደመው ላይ ይደርባል፤ የላስታ ጠራቢ ግን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ አለት ተመልሶ አይገጠምም። ስለዚህ እዚያ የሚቆፍር የታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ችግር አለበት፦ ኋላ የመጣው ጠራቢ ግቢውን ዝቅ ሲያደርግ የቀደመውን ሰው ወለል አብሮ ያጠፋዋል።

ያም ሆኖ አለቱ ምልክት ትቷል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 አንቲኩዊቲ በተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጥናት የበሮቹን ከፍታ፣ የቦዮቹንና የግቢዎቹን አቆራረጥ፣ ከፍልፈሉ የወጣውን የድንጋይ ክምር ጭምር መርምሮ፣ ስፍራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ ደረጃዎች እንደተፈለፈለ አሳይቷል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ከጥልቅ ቦይ በላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ይህ ቤትና ቤተ መርቆሬዎስ ከሌሎቹ የቀደሙ፣ ሲጀመርም ለቤተ ክርስቲያንነት ያልታሰቡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ትውፊቱ 11ዱንም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። አለቱ ግን ከእሱ በፊትም በኋላም እጆች እንደነበሩ ይናገራል። የመሮው ምልክት በግድግዳው ላይ ይታያል፤ የጠራቢዎቹን ስም ግን የሚነግረን የለም።

በእኛም ዕድሜ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተደረገው ጥገና አለቱን ሬንጅ አስቀብቶ ቀይ ቀለም አለበሰው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ደግሞ የቀደመውን ቅብ ሲፍቅ ኖረ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቅ መጠለያዎች ቆሙ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የከተማው ሕዝብ “መጠለያዎቹ ራሳቸው አስጉን” ብሎ አደባባይ ወጣ። አንዱ የቀባውን ሌላው ይፍቃል፤ አንዱ የሸፈነውን ሌላው እንዲነሣ ይጠይቃል። በመሐል ብዙ የሚጎዳው አለቱ ነው።

እኛስ ምን ፈልፍለን ጣልን?

ወገኖች፣ እኛ የባቢሎንንም የላስታንም ጥፋት አብረን ይዘናል። እንደ ባቢሎን ነገሥታት ስማችንን እናትማለን፤ እንደ ክፉ ጠራቢም የቀደመውን እንቆርጣለን።

በአንድ አጥቢያ መሪ ሲለወጥ ያየነውን እንናገር። በመጀመሪያው ወር የቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች ፎቶግራፍ ከግድግዳው ወረደ። በሁለተኛው ታፔላው ተቀየረ። በሦስተኛው ያ ቤት “ራዕይ የተቀበለው” አሁን እንደሆነ ከመድረክ ተነገረን። ቤታቸው ጸሎት ሲደረግበት ታስረው የነበሩ እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

የወንድሞቹን አገልግሎት እንዲህ የሚፍቅ ሰው የላስታን አባቶች ቢንቅ ምን ይገርማል? ብዙዎቻችን ወንጌል ወደዚህች አገር የገባው ከሚሲዮናውያን ጋር ይመስለናል። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባ የእኛን ዘመን አልጠበቀም። የአክሱሙ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከገንዘቡ ላይ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀል ሲያስቀርጽ ሚሲዮን አልነበረም። ሚሲዮናውያኑን አናሳንስም፤ ብዙዎቻችን የድካማቸው ፍሬ ነን። ግን እነሱም የመጡት ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ በእጃችን ያለውን መጽሐፍ እንይ። መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሰው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ ለዓመታት ደከመበት። የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የብራና ጽሑፉን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉውን አሳተመው። ዛሬም ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሊቃውንት የደከሙበት ነው። “ድንጋይ ነው” ብለን የምንስቅበት አፍ የሚጠቅሰው ጥቅስ ከእነዚሁ ሰዎች እጅ የተቀበልነው ነው። ይህን እያወቁ መሳቅ ውለታ ቢስነት ነው፤ ሳያውቁ መሳቅም መልካም አይደለም።

“ታዲያ ስሕተቱን እንቀበል?”

አንድ ወንድም እንዲህ ሊለን ይችላል፦ “እናንተ ልዩነቱን ልትሸፋፍኑ ነው። ስለ ምልጃ፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ጽድቅ መንገድ ያለን ክርክር ቀልድ ነው እንዴ?”

ቀልድ አይደለም። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንዱ ኢየሱስ ክርስቶስ እንደሆነ፣ ድነትም በጸጋ በእምነት እንደሆነ እናምናለን፤ ከዚህ ንቅንቅ አንልም። ጥያቄው እውነትን መያዛችን ሳይሆን እንዴት እንደያዝነው ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ የናሱን እባብ ሰበረ፤ ቤተ መቅደሱን ግን አላፈረሰም (2ኛ ነገሥት 18)። ንጉሥ ኢዮስያስ ያረጀውን ቤት ሲያስጠግን ምን እንደተገኘ አስተውሉ፤ ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ እዚያው ቤት ውስጥ አገኘው። ንጉሡ “አባቶቼ ሞኞች ነበሩ” ብሎ አልሳቀም። የተነበበለት ቃል አስጨንቆት ልብሱን ቀደደ፤ በአባቶቹም ኃጢአት ውስጥ ራሱን ቆጠረ። ተሐድሶ ማለት ይህ ነው። ቃሉ የተገኘው በአሮጌው ቤት ፍርስራሽ መካከል ነው፤ ያገኘውም ለማደስ የገባ እንጂ ለመሳለቅ የቆመ አይደለም።

በላስታም ቢሆን ሰሚ ካለ ቃሉ አለ። ከ11ዱ ትልቁ ቤት መድኃኔዓለም ይባላል፤ ሌላው አማኑኤል፣ ሌላው ጎልጎታ። በገና ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ የሚያቀርቡት ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ይባላል፤ የሁሉ ቤዛ ማለት ነው። ያ ወጣት ያን ምሽት ሲመጣ ከዚህ ስም መጀመር እንችል ነበር። “አያትህ የሰማችው ቤዛ ማን እንደሆነ አብረን እናንብብ” ብንለው ኖሮ ዛሬም ከእኛ ጋር የዮሐንስን ወንጌል ያነብ ይሆን ነበር።

መሠረት ማግኘትም ብቻውን አያድንም

በሌላው ወገን ላሉትም አንድ ቃል አለን። ጥንታዊ መሆን ብቻውን ሕይወት አይደለም። ናቦኒደስ መሠረቱን አግኝቷል፤ ግን ያገኘው የሌላ ሰው ስም የተጻፈበትን ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄ. ጂ. ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ በዑር ታላቅ ግንብ ማዕዘኖች ውስጥ የናቦኒደስን የሸክላ ጽሑፎች አገኘ። በእነዚያ ላይ ንጉሡ ስለ በኵር ልጁ ስለ ብልጣሶር የጨረቃን ጣዖት ይለምናል። ብልጣሶርን እናውቀዋለን። በዳንኤል ምዕራፍ 5 ከኢየሩሳሌም በተማረከ ዕቃ ወይን ጠጣ፤ በዚያው ሌሊትም ተገደለ። አባቱ የቀደሙ ነገሥታትን መሠረት ሲያስቆፍር ኖረ፤ ልጁ በግድግዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። በቅርስ የሚመካ ሁሉ፣ የላስታም ይሁን የእኛ የሚሲዮን ታሪክ፣ ይህን ያስብ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈላቸው በስም ተከፋፍለው ስለነበር ነው፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ ነኝ ይል ነበር። መልሱ አንድ ነው፦ መሠረቱ ተመሥርቷል፤ እሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። የእያንዳንዱን ሥራ እሳቱ ይፈትነዋል። በዚያ ቀን ታፔላ አይጠየቅም። የላስታ ጠራቢም፣ አቡ ሩሚም፣ ሚሲዮናዊውም፣ የታሰሩት እናትም፣ እኛም በዚያው መሠረት ላይ ምን እንዳኖርን እንጠየቃለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ “ድንጋይ ነው” የሚለውን ሳቅ ከመድረካችንም ከቤታችንም እናውጣ። ሁለተኛ፣ በየአጥቢያችን ያሉትን አረጋውያን ሳያልፉ ጠይቀን ምስክርነታቸውን እንጻፍ። ሦስተኛ፣ ስለ ልዩነታችን ስንናገር ከምንስማማበት ስም፣ ከመድኃኔዓለም እንጀምር። ያን ወጣትም ፈልገን ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ይህን ለራሳችን ቃል ገብተናል።

ጌታ ሆይ፣ የቀደሙትን ንቀን በስማችን የሠራነውን ይቅር በለን። መሠረቱ አንተ ብቻ እንደሆንክ እያሰብን፣ ለሚመጡት ደግሞ የማያሳፍር ሥራ እንድናኖር እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።